ለልብ ወለድ ግዛት የበረሃ ከተማ ታሪክ ስናበጅ፦ ቀዳሚው ውኃው ነው ወይስ መንገዱ?

ብዕረ ጣርማበር (ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። መናገሻው በብርዳም ደጋ ላይ የቆመ፣ ግዛቱ ግን ከገደሉ በታች እስከ በረሃው ድረስ የሚዘልቅ አንድ የልብ ወለድ መንግሥት እየጻፍኩ ነው። በምሥራቃዊው ጠረፍ ዐይነ ማይ የምትባል ጥንታዊት ከተማ አለች። ቅፍለት (በግመል ጭኖ በረሃ የሚያቋርጥ የነጋዴ ጓድ) ሁሉ የሚያርፍባት፣ ዙሪያዋ አሸዋና ጥቁር ድንጋይ ሆኖ መካከሏ የቴምር ዛፍ የሞላባት ናት። ለዚህች ከተማ የሺህ ዓመት ታሪክ ማበጀት አለብኝ። ታሪኩ በአንድ ምዕራፍ ተተርኮ የሚያልቅ ሳይሆን በፍርድ ቤት ክርክር፣ በሽማግሌ ጨዋታ፣ በተሰበረ የድንጋይ ጽሑፍ ውስጥ ጥቂት ጥቂት እያለ የሚገለጥ ነው።

አሁን በእጄ ያለው አጽሙ ብቻ ነው፦ አንድ ንጉሥ ለአደን ወርዶ ምንጭ ያገኛል፤ ግንብ ያስገነባል፤ ከተማዋ ትለመልማለች፤ በመጨረሻ ጠላት ያቃጥላታል። በዚህ ላይ ሥጋ እንዲለብስልኝ ነው የምለምናችሁ።

አብነት ያደረግኩት ተድሞርን፣ ማለትም ፓልሚራን ነው። መጽሐፈ ዜና መዋዕል ካልዕ በምዕራፍ 8 ሰሎሞን በምድረ በዳ እንደሠራት ይናገራል። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው በ2ኛው ሺህ ዓመት፣ በኤፍራጥስ ዳር በነበረችው በጥንታዊቷ ከተማ በማሪ የሸክላ ጽላቶች ላይ ስሟ ተጽፏል። ከደማስቆ በሰሜን ምሥራቅ 215 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሶርያ በረሃ መካከል ትገኛለች። ኤፍቃ የሚባለው ምንጯ ለብ ያለና የድኝ ሽታ ያለው ነበረ። ቤል ለሚባለው ዋና ጣዖቷ የተሠራው ታላቁ ቤተ መቅደስ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ32 ነው። ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ የደረስኩበት አሳብ፣ በበረሃ ከተማን የሚወልዳት ውኃ ነው፣ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይመጣል የሚል ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ደግሞስ እንዲህ ያለችው ከተማ እንዴት ነው የምትሞተው?

የአልዩ አምባ ልጅ

ወንድሜ ብዕረ ጣርማበር፣ አሳብህን አክብሬ እቃወመዋለሁ። በሶርያ በረሃ ሌሎችም ምንጮች ነበሩ፤ ተድሞርን ያህል የሆነ ግን የለም። ተድሞርን ያገነናት መንገዱ ነው። የሜዲትራኒያንን ወደቦችና የኤፍራጥስን ወንዝ የሚያገናኘውን አጭሩን የበረሃ መንገድ ሕዝቧ በእጁ ያዘ። ከኤፍራጥስ ማዶ ዕቃው በወንዝ ወርዶ እስከ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያም በመርከብ ወደ ሕንድ ይሻገራል። ከተማዋም ለቅፍለት መሪዎቿ ሐውልት ታቆም ነበር። በታላቁ ጎዳና በተደረደሩት አዕማድ ላይ፣ ከመካከላቸው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከድንጋዩ የወጣ ጠፍጣፋ መደገፊያ አለ፤ የተከበረው ሰው ምስል የሚቆመው በዚያ ላይ ነበር። በሌላ አገር ለጦር አለቃ የሚደረገው ክብር በዚያ ቅፍለትን በደኅና ላደረሰ ሰው ይደረግ ነበር ማለት ነው።

እኔ ያደግኩበትን ተመልከት። አልዩ አምባን ገበያ ያደረጋት ግመል የሚቆምባትና በቅሎ የምትጀምርባት ቦታ መሆኗ ነው። ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ ያቋረጠ ቅፍለት እዚህ ይደርስና አንኮበርን አሻቅቦ ያያል፤ ያ ዳገት ግን ለግመል አልተፈጠረም። ስለዚህ ጭነቱ ይራገፋል፣ ይቆጠራል፣ ይቀረጣል፣ ከዚያ በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ትከሻ ይወጣል። በሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847፣ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሪውና የደጋው ሰው የሚገናኙት በዚህች ገበያ ነበር። ጭነት የሚራገፍበት ቦታ ሁሉ ማደሪያ ይፈልጋል፤ ማደሪያው ጠባቂ ይፈልጋል፤ ጠባቂው ደመወዝ ይፈልጋል። ከተማ የሚወለደው ከዚህ ነው።

ስለዚህ የዐይነ ማይን ታሪክ በአዳኝ ንጉሥ አትጀምረው። ሁለት ዓይነት ጭነት እንስሳ በሚለዋወጡበት ቦታ ጀምረው።

የሮቢ መስኖ (ሸዋ ሮቢት)

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ ነገር ግን ለእኔ የበረሃ ከተማ ታሪክ የሚጀምረው ምንጩ በተገኘበት ቀን ሳይሆን ሁለተኛው ሰው ውኃውን በጠየቀበት ቀን ነው። ምንጭ ብቻውን የግመል መጠጫ ነው። ከተማ የሚሆነው ማን በስንት ሰዓት፣ ለስንት ጊዜ፣ በየትኛው ቦይ እንደሚያጠጣ የሚወስን ሥርዓት ሲቆም ነው።

እኛ ሽንኩርትና ማሾ በመስኖ እናመርታለን። በአገራችን የውኃ አባት የሚባለው ሰው ተራ ያወጣል፣ ቦይ ያስጠርጋል፣ ሌሊት ውኃ የሰበረውን ይቀጣል። በበልግ መጥፋት ዘመን ከማንም ባለሥልጣን ይልቅ የሚፈራውና የሚለመነው እሱ ነው። እንግዲህ ወንዝ ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ አንድ ምንጭ ብቻ ባለበት በረሃ ምን እንደሚሆን ገምቱት።

በፋርስ የነበረውን አሠራር ልግለጽ፤ ለጸሐፊያችን ይጠቅመዋል። ሁለት ዕቃ አለ፤ አንዱ ውኃ የሞላበት ትልቅ ገበታ፣ ሁለተኛው ከታቹ መርፌ የምታህል ቀዳዳ ያለችው የመዳብ ጣሳ። ጣሳው በውኃው ላይ ይንሳፈፋል፣ በቀዳዳው ቀስ እያለ ውኃ ይገባበታል፣ ይሞላና ይሰጥማል። ጠባቂው አውጥቶ ይደፋና መልሶ ያንሳፍፈዋል፤ ለእያንዳንዱ መስጠም አንድ ጠጠር ያኖራል። የእያንዳንዱ ባለ ርስት ድርሻ በጣሳ ይቆጠራል። ስለዚህ ጣሳ ቆጣሪው እንቅልፍ ቢጥለው የአንድ ቤተሰብ አትክልት ይደርቃል፤ ጉቦ ቢበላ ደግሞ ደም ይፈሳል። በሊቢያዋ ጋዳሜስም እንዲሁ የውኃው ሰዓት በገበያው መካከል፣ ሁሉ በሚያየው ቦታ ነበር። በአደባባይ መሆኑ የፍትሑ ዋስትና ነው። ድርሻውም ይወረሳል፣ ይሸጣል፣ ለልጅ ጥሎሽ ይሰጣል፤ በብዙ የበረሃ አገሮች ውኃው ከመሬቱ ተለይቶ ንብረት ይሆናል።

ከምድር በታች የሚሄደውንም ቦይ አትርሳ። ፋርሶች ቃናት ይሉታል፣ በሰሐራ ፎጋራ ይባላል። ከተራራው ሥር እናት ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ከዚያ እስከ አትክልቱ ድረስ ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም ዋሻ በጣም በቀስታ እየወረደ ይሄዳል። ቁልቁለቱ ከበዛ ውኃው ግድግዳውን ይበላዋል፤ ካነሰ ደለል ይዘጋዋል። በየተወሰነ ርቀት አፈር ማውጫና መተንፈሻ ጉድጓድ አለው፤ የወጣው አፈርም በአፉ ዙሪያ እንደ ቀለበት ስለሚከመር ድንገተኛ ጎርፍ እንዳይገባ ይከላከላል። በዛሬዋ ሊቢያ በፌዛን የኖሩት ጋራማንቴሶች መንግሥታቸውን የገነቡት በእንዲህ ያለ ቦይ ነው። የከርሰ ምድሩ ውኃ እየራቀ ሲሄድ ኃይላቸውም አብሮ ደከመ።

የአልዩ አምባ ልጅ

የሮቢ መስኖ፣ በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ አሳብህን የሚደግፍ ነውና። እ.ኤ.አ. በ137 የተድሞር ምክር ቤት የቀረጥ ሕግ በትልቅ ድንጋይ ላይ አስቀርጾ ነበር። ጽሑፉ በግሪክኛና በተድሞር አራማይክ ነው፤ በ1881 ተገኝቶ ዛሬ በሩሲያ በኤርሚታዥ ቤተ መዘክር ይገኛል። ሕጉ የተጻፈበትን ምክንያት ራሱ ይናገራል፦ በቀድሞው ሕግ ያልተዘረዘሩ ብዙ ዕቃዎች ስለነበሩ ነጋዴውና ቀራጩ ዘወትር ይጣሉ ነበር፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ተዘርዝሮ በድንጋይ ይጻፍ ተባለ።

ዝርዝሩ ለልብ ወለድ ጸሐፊ ሀብት ነው። የግመል ጭነትና የአህያ ጭነት ቀረጣቸው የተለያየ ነው። ሽቱ በአልባስጥሮስ ብልቃጥ ሲመጣና በፍየል ቆዳ ስልቻ ሲመጣ አንድ ዓይነት አይቀረጥም። የወይራ ዘይት፣ ቆዳ፣ ሐምራዊ የተነከረ ሱፍ፣ ጨው፣ ሁሉም በየተራው አለ። ለሁለቱ ምንጮች አገልግሎትም በዓመት 800 ዲናር ተወስኗል። መንገዱና ውኃው በአንድ ድንጋይ ላይ ተጽፈው ያገኘሁት በዚህ ነው።

መምህርት ዘአንኮበር

ለሁላችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ታሪክ አስተምራለሁ፤ ስለዚህ ብዕረ ጣርማበር በጻፉት መጨረሻ ላይ፣ «ጠላት ያቃጥላታል» በሚለው ላይ፣ እናገራለሁ።

ተድሞር የኖረችው በሮምና በፋርስ መካከል፣ ሁለቱንም ሳታስቀይም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ41 ዓመት የሮሙ የጦር አለቃ የማርቆስ አንጦንዮስ ፈረሰኞች ሊዘርፏት ሲመጡ ሕዝቡ ንብረቱን ይዞ ኤፍራጥስን ተሻግሮ ነበርና ባዶ ከተማ አገኙ። ይህ የበረሃ ሰዎች ጥበብ ነው፤ ሀብታቸው በግመል ጀርባ ላይ እስካለ ድረስ ከተማቸውን ትተው ሊሄዱ ይችላሉ። በኋላ በጢባርዮስ ዘመን በሮም ሥር ገባች፤ የውስጥ አስተዳደሯን ግን ይዛ ቆየች። እ.ኤ.አ. በ260 የሮም ንጉሥ ቫለሪያን በፋርሱ ሻፑር ተማረከ። የተድሞር ገዥ ኦዴናቱስ ፋርሶችን ወግቶ ምሥራቁን ለሮም አዳነ፤ በ267 ገደማ ግን ተገደለ። ሚስቱ ዘኖብያ በልጃቸው ስም ገዛች፤ በ270 ሠራዊቷ ግብፅን ያዘ። የሮም ንጉሥ አውሬሊያን በ272 ከተማዋን ያዛት፤ እንደገና ብታምፅ በ273 አስዘረፋት።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ ከተማዋ ግን አልቆመችም። ከዚያ በኋላ የሮም ጦር ሰፈረባት፤ በዩስጢንያኖስ ዘመን ግንቧ ታደሰ፤ በ634 የሙስሊሞቹ የጦር አለቃ ኻሊድ ኢብን አልወሊድ ደረሰባት፤ በ1400 የመካከለኛው እስያው ድል አድራጊ የቲሙር ጦር ዘረፋት። ከዚያም ወዲህ ሕዝቡ በቤል ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ፣ በጥንቱ ግንብ ተጠግቶ፣ የጭቃ ቤት ሠርቶ ኖረ። የመንደሩ ሰዎች ከዚያ የተነሡት እ.ኤ.አ. ከ1929 በኋላ፣ በፈረንሳይ አስተዳደር ዘመን፣ ለቁፋሮ ሲባል ነው። ከ273 እስከ 1929 ያለውን ቁጠሩት፤ ከገናናው ዘመኗ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይረዝማል። የዐይነ ማይም ታሪክ ከቃጠሎው በኋላ ያለው ክፍል ይኑረው ብዬ እለምንዎታለሁ። ንጉሡ የተቀመጠበት አዳራሽ የፍየል በረት የሚሆንበት፣ የሐውልቱ መቆሚያ የወፍጮ ድንጋይ የሚሆንበት ዘመን አለ፤ በዚያም ዘመን ሰዎች ይጋባሉ፣ ይከራከራሉ፣ ውኃ ይካፈላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የቤል ቤተ መቅደስ በፈንጂ ሲፈርስና ዕድሜውን ሙሉ ያንን ቅርስ የጠበቀው ሊቅ ኻሊድ አልአስዓድ ሲገደል እኛም በዚህ አዝነናል። ቅርስ ስንል የሚጠብቀውንም ሰው ማለታችን ነው።

ግንበኛው

እኔ ደግሞ ስለ ቤቶቹ አሳስባለሁ። የበረሃ ከተማ ሁሉ በተጠረበ ድንጋይ የተሠራ አይምሰላችሁ። በግብፅ ምዕራብ ያለችው ሲዋ፣ ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 የአሞንን ትንቢት ሊጠይቅ የሄደባት፣ ቤቷን ትሠራ የነበረው ከጨው ሐይቅ ዳር በሚቆፈር ጨዋማ ጭቃ ነው። ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ዝናብ ሲመታው ግን ይሟሟል። ሻሊ የሚባለው የሲዋ ጥንታዊ ምሽግ ስንት ዘመን ቆሞ እ.ኤ.አ. በ1926 በጣለ ከባድ ዝናብ ፈርሶ ሕዝቡ ወደ ታች ወርዶ ሠፈረ። ለእኛ ለደገኞች ዝናብ በረከት ነው፤ እንዲህ ባለች ከተማ ግን የሦስት ቀን ዝናብ ከጦርነት ይብሳል። ለመጽሐፉ ከጠላት ቃጠሎ ይልቅ ይህ የበለጠ አይመጥንም?

በጥንቷ ጋዳሜስ ደግሞ መንገዱ በጣራ የተሸፈነ ነው። ወንዶች ከታች በጥላው ይሄዱ፣ ሴቶች ከላይ ከጣራ ወደ ጣራ እየተሻገሩ ይገናኙ ነበር። ማለትም በአንዲት ከተማ ላይ ሌላ ከተማ ነበረች። የቴምሩ ግንድ የጣራ ተሸካሚ ይሆናል፣ ቅጠሉ ጣራ፣ ልጡ ገመድ። ከቴምሩ ጥላ ሥር ሮማንና ሌላ ፍሬ፣ ከዚያም ሥር ጎመንና እህል ይተከላል፤ ሦስቱም አንዱን ውኃ ይካፈላሉ።

ወለተ ይፋት

ታላላቆቼን አክብሬ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ያን ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ የቆፈረው ማነው? ስለ ንጉሡ፣ ስለ ነጋዴውና ስለ ውኃ አባቱ ተነገረ፤ በጨለማ ውስጥ ተንበርክኮ አፈር በቆዳ አቁማዳ ስለሚያወጣው ሰው ግን ማንም አልጻፈም። በተድሞር የቀረጥ ድንጋይ ላይ ባሪያም ከዕቃው ጋር ተዘርዝሯል። ጋራማንቴሶችም በባሪያ ጉልበት ይጠቀሙ ነበር። በእኛም አገር ከአልዩ አምባ አጠገብ አብዱል ረሱል የሚባል ገበያ ነበር፤ በዚያ የሚሸጠው ሰው ነበር። ቅፍለቱ ወደ ባሕር ሲመለስ ቡናና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልነበረም የሚጭነው፤ ልጆችም በእግራቸው በረሃውን ይሻገሩ ነበር።

ስለዚህ ዐይነ ማይ ውብ ሆና ብቻ እንዳትጻፍ እጠይቃለሁ። ከቆፋሪዎቹ ልጆች አንዱ፣ አያቱ የቆፈረችውን ወይም የቆፈረውን ጉድጓድ በስሙ የሚያውቅ፣ በታሪኩ ውስጥ ቢናገር እወዳለሁ።

ብዕረ ጣርማበር (ደብረ ብርሃን)

ወለተ ይፋት፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ያ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ይኖራል፤ ቃል እገባልሻለሁ። መምህርትም እንዲሁ፣ ከቃጠሎው በኋላ ያለውን ዘመን ስለሰጡኝ አመሰግንዎታለሁ።

አሁን የቀረኝ ጭንቅ የደጋው መንግሥትና የከተማዋ ግንኙነት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ብዙ ሠራዊት አለው። ከተማዋ ከቀረጥ ትበለጽጋለች። ታዲያ ወርዶ ለምን በቀጥታ አይገዛትም? አንባቢ ይህን መጠየቁ አይቀርም፤ «ነፃነት ሰጣት» ብዬ ባልፈው ደግሞ አይታመንም።

የአልዩ አምባ ልጅ

መልሱ ከደጃፋችን ነው። የደጋ ሠራዊት ቆላን የሚፈራው በጦር ምክንያት ሳይሆን በንዳድ ነው። ወባ የማያውቀው የደጋ ሰው በክረምት ማግሥት ወደ ቆላ ቢወርድ ከጦሩ ይልቅ ትኩሳቱ ይጨርሰዋል። ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ያለውን መንገድ የተጓዘ ሰው ሁሉ ነገሩን በአካሉ ያውቀዋል፤ ጣርማበር ላይ ጋቢ ለብሶ ተነሥቶ፣ በዚያው ቀን ከ1,500 ሜትር በላይ ወርዶ ሸሚዙን ይፈታል። ስለዚህ የሸዋ ነገሥታት ጠረፉን የሚጠብቁት ቆላውን በሚያውቀው ሰው ነበር። ከባሕር የመጣ እንግዳ፣ የእንግሊዝ መልእክተኛም ቢሆን፣ ፈቃድ ከላይ እስኪወርድ ድረስ ከታች ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዞች ጋር ውል የተዋዋለው ሣህለ ሥላሴ የነበረው ከላይ ነው፤ መንገዱን በእጃቸው የያዙት ግን የአፋር ጎሣዎች ነበሩ። ያለ እነሱ መሪነትና ፈቃድ ምንም ነገር በረሃውን አይሻገርም።

ሌላው ልጓም ጨው ነው። አሞሌ ከአፋር ጨው ሜዳ ነው ይመጣ የነበረው፤ ለሸዋ ደግሞ ከአሳል ሐይቅም፣ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ከሆነው ቦታ፣ ጨው ይመጣ ነበር። አሞሌው ይቆረጥ፣ ይጠረብ፣ በግመል ይጫን ነበር፤ ከመነሻው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር፣ በደጋው ገበያ ደግሞ ገንዘብ ሆኖ ይሠራ ነበር። እንግዲህ ገንዘቡ ከበረሃ የሚወጣለት ንጉሥ በረሃውን ቢያስቀይም የራሱ ገበያ ይደርቃል። የአንተም ንጉሠ ነገሥት እንዲሁ ይሁን፦ ከተማዋን ሊያጠፋት ይችላል፤ ካጠፋት ግን በደጋው ጨው አይኖርም።

መምህርት ዘአንኮበር

በዚህ ላይ የይፋትን ታሪክ ብታዩ መልካም ነው። የወላስማ ሥርወ መንግሥት በይፋት የገነነው እ.ኤ.አ. በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ከገደሉ ግርጌ፣ ወደ አዋሽ በሚያዩት ኮረብታዎች ላይ፣ አስበሪ፣ ኖራና መሳል በሚባሉት ቦታዎች በድንጋይ የተሠሩ ከተሞችና መስጊዶች ፍርስራሽ ተገኝቷል። አቀማመጣቸውን ልብ በሉ፤ በረሃው ውስጥ አይደሉም፣ ደጋው ላይም አይደሉም፤ ሁለቱ በሚገናኙበት እርከን ላይ ናቸው። ብዙ አንባቢ የበረሃ ከተማ ሲባል በአሸዋ መካከል ብቻዋን የቆመች ያስባል፤ እኛ ግን ከእርከኑ ላይ ሆነን እናያታለንና ይህን መጻፍ የሚችል የሸዋ ሰው ነው።

አንድ ምክር ደግሞ፦ ታሪኩ አንድ ድምፅ አይኑረው። የዘኖብያ ፍጻሜ በጥንቶቹ ጸሐፊዎች ዘንድ አንድ አይደለም። አንዱ ወደ ሮም ስትወሰድ በመንገድ ሞተች ይላል፤ ሌላው በሮም አቅራቢያ በቲቮሊ በተሰጣት ቦታ ኖረች ይላል። በእርስዎም መጽሐፍ የደጋው ዜና መዋዕል ጸሐፊ ስለ ቃጠሎው የሚለውና የከተማዋ የውኃ መዝገብ የሚያሳየው ይለያይ። ዜና መዋዕሉ «ንጉሡ ዓመፀኞቹን ቀጣ» ሲል፣ መዝገቡ በዚያው ዓመት ሠላሳ ባለ ድርሻዎች እንደጠፉና ድርሻቸው ለማን እንደተላለፈ ብቻ ይጻፍ። አንባቢው ሁለቱን አስተያይቶ ይፍረድ።

የሮቢ መስኖ (ሸዋ ሮቢት)

ስለ ሞቷ ከተጠየቀ እኔ ሁለት መንገድ አውቃለሁ፤ ሁለቱም ያለ ጠላት ነው። አንደኛው ወንዝ ሲዞር ነው፤ በቻይና ምዕራብ ሎውላን የምትባለው ከተማ ባዶ ምድር የሆነችው ውኃዋ ስለራቃት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ ውኃ መውጫ ሲያጣ። በበረሃ የተጠጣ መሬት ውኃው ይተንና ጨዉ ይቀራል። ማፋሰሻ ቦይ ከሌለው ከዓመት ወደ ዓመት ነጭ ቅርፊት ይይዛል፤ መጀመሪያ አትክልቱ ይጠፋል፣ ቀጥሎ እህሉ፣ ጨው የሚችለው ቴምር መጨረሻ ላይ ይቀራል። ሲዋ ዛሬ የምትቸገረው በዚህ ነው። ከእኛ በታች በመካከለኛው አዋሽ፣ በመልካ ሰዲና በአሚባራ፣ የጥጥ መሬት በጨው የተበላሸው በዚሁ ምክንያት ነው። አዋሽ ራሱ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ የሚቀር ወንዝ ነው፤ ያመጣውን ጨው ሁሉ እዚያው ያስቀምጣል።

ለታሪክህ ይህ መልካም ነው ብዬ አስባለሁ። ከተማዋ በሀብቷ ዘመን ሌላ ቃናት አስቆፍራ ውኃ ጨመረች፤ ማፋሰሻውን ግን አልጠረገችም። ከመቶ ዓመት በኋላ ጠላት ሲመጣ የዝቅተኛው ሠፈር ቀድሞ ተፈትቶ ነበር።

ብዕረ ጣርማበር (ደብረ ብርሃን)

ሁሉንም አሰባስቤ የመጀመሪያውን ገጽ እንደገና ጻፍኩት። ከከተማዋ የውኃ መዝገብ ተወሰደ ተብሎ የሚቀርብ ነው፤ ፍረዱልኝ።

«ጣሳው ከመሰቀሉ በፊት ሰዎች በምንጩ ይገዳደሉ ነበር። ከቆላው ጎሣ አንድ፣ ከደጋ ወራጆች አንድ፣ ከሲራራ ነጋዴዎች አንድ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ቀኑንና ሌሊቱን በጣሳ ከፈሉ። የቆላው ጎሣ ግመሎቹን ለሚያጠጣበት ድርሻ አይከፍልም፤ መንገዱን ይጠብቃልና። ነጋዴው በጭነቱ ልክ ይከፍላል። የደጋው ንጉሥ ድርሻ በጨው ይላክለታል፤ እርሱም ከእርከኑ በታች ጦር አያወርድም። የላይኛውን ዋሻ የቆፈሩት በሕይወት የተረፉት እንደሆነ አንድ አንድ ጣሳ ተሰጣቸው፤ ስማቸውም ከዚህ በታች ተጽፏል።»

ከዚህ በኋላ የስሞቹ ዝርዝር ይመጣል። የወለተ ይፋት ተናጋሪ ከእነዚህ ስሞች የአንዱ የልጅ ልጅ ነው። ታሪኩ የሚነሣው ያ ስም ከመዝገቡ ተፍቆ ድርሻው ለአንድ ቀራጭ ወንድም መተላለፉን ሲያገኝ ነው።

ወለተ ይፋት

አነበብኩት፤ ደስ ብሎኛል። ተናጋሪዋ ሴት ብትሆንስ? ግንበኛው እንዳሉት ሴቶቹ በጣራው ላይ የሚገናኙ ከሆነ፣ የማን ስም እንደተፋቀ ከወንዶቹ ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። መዝገቡን ባያዩትም የማን አትክልት ማታ ማታ እንደሚጠጣ ከላይ ሆነው ያያሉ።

የሮቢ መስኖ (ሸዋ ሮቢት)

ልጃችን ያለችው ትክክል ነው፤ የውኃ ስርቆት ከከፍታ ላይ ነው የሚታየው። እኔ በጽሑፉ ላይ የማርመው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጣሳው ከመሰቀሉ በፊት» ብለሃል፤ የሚሰጥመው ጣሳ አይሰቀልም፣ በገበታው ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። የሚሰቀለው በቀዳዳው የሚፈሰው ማሰሮ ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጥና በመጽሐፉ ሁሉ በእሱ ጽና። ከመረጥክ በኋላ ደግሞ ውኃው ለሠፈሮቹ የሚከፈልበትን ድንጋይ ከገበያው በላይ፣ ከመጀመሪያው አትክልት በፊት አድርገው፤ ከመከፈያው በላይ ያለ አትክልት ካለ ባለቤቱ ያለ ተራው ይጠጣል፤ ሕጉም ከዚያ ይፈርሳል። ንድፉን በወረቀት ሥለህ ብትልክልኝ የቦዮቹን ቁልቁለት አይቼ እመልስልሃለሁ።